«ሞትኩ» ያለ ሁሉ አይቀበርም

«የዛሬ ልጅ ቀልድ በሰማ ቁጥር የራስ ቅል ይልካል። ሞት እንዲህ መጫወቻ ይሁን?» ይላሉ ጋሼ።

ጋሼ፣ ማዕድ ላይ «ጠገብኩ» ብለው እጅዎን ሲሰበስቡ እትዬ «በሞቴ!» ብለው አንድ ጉርሻ አልጨመሩልዎትም? «አፈር ስሆን» ብለው ሁለተኛውን? «እኔ ልሙት፣ ይቺን ብቻ» ብለው ሦስተኛውን? በአንድ መሶብ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ተሞተ። የዕድር ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፤ እርስዎም አላምጠው ዋጡ። ከማዕዱ ሲነሱ የልጅ ልጅዎን አደናቀፈውና «እኔን ይድፋኝ!» አሉ። አልተደፉም፤ ተመስገን። ታዲያ ያ ልጅ በስልኩ የራስ ቅል ቢልክ «ከየት አመጣው?» ይባላል? ሞትን ለፍቅር፣ ለመሐላ፣ ለልመና ከሚያውል ቤት ነው የወጣው። እሱ ደግሞ ለሳቅ አዋለው።

የላከውን ላንብብልዎ፤ «በሳቅ ሞትኩ» ነው የሚለው። ጨዋታው የተነሳው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች ነው። ከልክ በላይ ያሳቃቸውን ነገር «ገደለኝ»፣ «ሞቻለሁ» ይሉ ነበር፤ ኋላ ቃሉን ተዉትና የሟቹን ራስ ቅል ብቻ መላክ ጀመሩ። ትዊተርና ቲክቶክ አዛመቱት። እኛ ዘንድ ሲደርስ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ «በሳቅ ፈረስኩ»፣ «ሳቅ ገደለኝ» ማለት የለመደ አፍ ተቀበለው።

«ቢሆንም የራስ ቅል የመርዝ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ነገር ነው!»

እሱ ሌላው ነው ጋሼ። ከሥሩ ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች ያሉበት፣ የመርዝና የባሕር ወንበዴ ምልክት የሆነው፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በቁጥር በሚመዘግበው በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከ1993 ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው። ልጆቹ የሚልኩት አጥንት የሌለው ራስ ቅል ግን በ2010 ከዩኒኮድ 6.0 ጋር የገባ ወጣት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይቁጠሩልኝ።) መርዙን በመርዝነቱ ይፍሩት፤ ወጣቱን ግን በሽማግሌው ወንጀል አይክሰሱት።

አሁን ወደ አንተ ልዙር፤ ስልክህን ይዘህ እየሳቅህ ነበርና። «ሰማህ ጋሼ?» ልትል ነው። አልጨረስኩም። የጎረቤት እረፍት በተነገረበት የሰፈር ግሩፕ ውስጥ፣ ከዚያ መልእክት ሁለት መስመር ዝቅ ብለህ፣ ለሌላ ወሬ ራስ ቅል የደረደርከው አንተ ነህ። «ለእንትና ነው የመለስኩት፤ ለቀልድ ነው» አልክ። ለእንትና የላክኸውን የሟቹ እናት አየችው። እሷ ቀልዱን አልሰማችም። ያየችው ከልጇ ስም ሥር የተደረደረ የራስ ቅል ነው።

ተረብ እኮ ሕግ አለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚተራረቡ የሰፈር ልጆች ሐዘንተኛ ሲያልፍ አፋቸውን ይሰበስባሉ። አባቱ የሞተበትን ልጅ በአባቱ አይተርቡትም። አዲስ የመጣ ልጅ ካለ ጨዋታው እስኪገባው በቀላሉ ይጀምሩለታል። ማን እንዳለ አይተው ነው የሚናገሩት። ስልክ ላይ ግን ማን እንዳለ አይታይም፤ ሁለት መቶ ሰው ኪስህ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ግማሹ አይጽፍም፣ ሁሉም ያነባል። ስለዚህ በስልክ የሚተርብ ሰው ከድንጋይ ላይ ተረበኛው የሰላ ዓይን ያስፈልገዋል። የኢሞጂ የጨዋታ ትርጉም ሥዕሉ ላይ አልተጻፈም። ያለው አብረው በሚጫወቱት ሰዎች መካከል ነው። እነሱ ወደሌሉበት ስትወስደው ራስ ቅሉ ተመልሶ ራስ ቅል ይሆናል።

«እቴቴ ደግሞ ጉድ አደረገችን! የአጎታችን እረፍት ሲነገር በሳቅ የሚያነባውን ፊት ላከች። ፋራ!»

ቆይ፣ ፋራው ማን እንደሆነ አብረን እንይ። እቴቴ ያየችው ሁለት ትልልቅ የእንባ ዘለላ ነው። በትንሽ ስልክ፣ ያለ መነጽር፣ የተከፈተ አፍ ሳቅ ይሁን ዋይታ አይለይም። እንባ አየች፣ እንባ ላከች። አንተስ? እንባው እንደ ቧንቧ የሚወርደውን፣ አፉን ከፍቶ የሚንሰቀሰቀውን ፊት ለምን ጉዳይ ነው የምትልከው? ለሳቅ! እሷ የሚስቀውን ለልቅሶ ላከች፤ አንተ የሚያለቅሰውን ለሳቅ ትልካለህ። ማን ማንን ያርም?

ያ በሳቅ የሚያነባ ፊት ደግሞ ትልቅ ሹመት ያየ ፊት ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰዎች የ2015ን «የዓመቱ ቃል» ሲመርጡ አንድ ፊደል የሌለበትን ይህንን ሥዕል መረጡ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ግን የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ልጆች «የእናትና የአባት ኢሞጂ ነው፤ አንነካውም» ብለው አመፁበት፤ ራስ ቅሉንና አልቃሻውን በቦታው ሾሙ። አመፁ ብዙ ተወራለት፤ ፊቱ ግን አልጋውን አልለቀቀም። በዚያው ዓመት የዩኒኮድ ድርጅት ራሱ ባወጣው መረጃ፣ በዓለም ላይ ከሚላኩት ኢሞጂዎች ሁሉ ከ5 በመቶ በላይ የያዘው እሱ ነበር። እናቶችን ንቀህ የት ትደርሳለህ?

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገርህ። ከጅዳ ወይም ከቤሩት፣ የሰው ቤት ሥራዋን ሌሊት ጨርሳ፣ ስልኳን የከፈተች አክስት አለችህ። አገር ቤት ድንኳን ተጥሏል። እሷ ለቀስተኛ ሆና መግባት፣ ደረት መምታት፣ ከእህቶቿ አንገት ሥር መግባት አትችልም። ጮኻ እንዳታለቅስ ከግድግዳው ማዶ አሠሪዋ ተኝታለች። ከልቧ የወጣው አንድ ቢጫ ፊት ነው፤ ፊቱንም ተሳስታ መረጠች። አንተ ያንን ስክሪንሾት አድርገህ ለጓደኞችህ ልከህ ሳቅክ። ይህ ተረብ አይባልም። ተረብ የሚመልስልህ ሰው ፊት ሲባል ነው፤ እሷ መመለስ አትችልም። በግል ጻፍላት፤ «እትዬ፣ ይሄኛው የሳቅ ነው፤ የሐዘኑ ያኛው ነው» በላት። ታመሰግንሃለች፤ በማግሥቱ ትክክለኛውን ከአሥር ልብ ጋር ትልክልሃለች።

«ኢሞጂ እኮ የዘመኑ ሰምና ወርቅ ነው» ይላል አንድ የተማረ ሰው፣ ሁለቱን ወገን ሊያስታርቅ።

ማስታረቁን ወደድኩት፤ ነገሩ ግን አይገጥምም። ሰምና ወርቅ ኅብሩ እዚያው ስንኙ ውስጥ ነው። ቋንቋውን የያዘ ሰው ባለቅኔው ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ቃሉን ሰብሮ፣ አጥብቆና አላልቶ ወርቁን ሊያወጣው ይችላል። የራስ ቅሉን ብቻህን ብትቆፍረው ሳቅ አታገኝበትም። ሳቁ ያለው ላኪውና ተቀባዩ ዘንድ ነው። ይህ ከቅኔው ይልቅ ለፈጣን መልስ፣ ለአለቃ ገብረሃና ዓይነት ጨዋታ ይቀርባል። የአለቃን መልስ የሚያወራልህ ሰው ሁሌም ቀድሞ የት እንደነበሩ፣ ማን ምን እንዳላቸው፣ ማን አጠገባቸው እንደተቀመጠ የሚነግርህ ለዚህ ነው። ያንን ካልነገረህ መልሱ ብቻውን ቆሞ አያስቅህም።

«እሺ ራስ ቅሉም እንባውም ይሁን፤ አውራ ጣት ግን ምን ይከብዳል? "አየሁት" ማለት ነው፤ አለቀ።»

አላለቀም። አንድ አውራ ጣት ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለህ? 82,200 የካናዳ ዶላር ከ21 ሳንቲም። ወለድና የፍርድ ቤት ወጪ ሳይጨምር።

ነገሩ የተልባ ነው። ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን በምትባለው ግዛት አንድ እህል ገዢ ድርጅት በማርች 2021 ተልባ ፈለገ። 87 ቶን፣ ቡሼሉ በ17 ዶላር፣ ርክክቡ በኖቬምበር። የድርጅቱ ሰው ውሉን ፈረመ፣ ፎቶ አነሳው፣ ለገበሬው በስልክ ላከና የተልባውን ውል እንዲያረጋግጥለት ጠየቀው። ገበሬው አውራ ጣቱን ቀስሮ መለሰ። አንድም ቃል አልጻፈም። ኖቬምበር ደረሰ፤ የተልባ ዋጋ 41 ዶላር ገባ፤ ተልባው ግን አልመጣም። ድርጅቱ ከሰሰ። ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነበር እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ።

ዳኛው ቲሞቲ ኪን በጁን 2023 ፈረዱ፤ አውራ ጣቱ ፊርማ ነው። እንዲህ ያሉበት ምክንያት ነው ልቤን የገዛው። መዝገበ ቃላት አይተዋል፤ ግን እዚያ አላቆሙም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በፊት እንዴት ይገበያዩ እንደነበር መረመሩ። ድርጅቱ የውል ፎቶ ይልካል፣ ገበሬው «እሺ»፣ «ጥሩ ነው» ዓይነት አጭር መልስ ይሰጣል፣ እህሉም በጊዜው ይገባል። ያለ ክርክር ደጋግመው ሠርተውበታል። በሁለቱ መካከል አጭር መልስ ማለት «ተስማማሁ» ማለት እንደነበር ሥራቸው መሰከረ። የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2024 ፍርዱን አጸናው። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባል ነበር፤ እዚያ ግን 87 ቶን ተልባ በአንድ አውራ ጣት ተወቀጠ።

«ያ የፈረንጅ ሕግ ነው፤ ጣት እንዴት ፊርማ ይሆናል?» ትላለህ? አያትህ የመሬታቸውን ወረቀት በምን ነበር የፈረሙት? አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አይደለም እንዴ? መርካቶ ውስጥ የውል ፎቶ ሲላክልህ ለማየትህ ብቻ ከሆነ «ደርሶኛል፤ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብለህ ጻፍ። ጣትህ ሦስት ቃል ለመጻፍ አይሰንፍም።

ያው ጣት ቢሮ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጠብ ያነሳል። «ሦስት ገጽ ሪፖርት ልኬለት አለቃዬ አውራ ጣት ብቻ መለሰልኝ። ተቆጥቷል!» አልተቆጣም እህቴ። ወጣቶቹ እርስ በርሳችሁ ስትጻጻፉ ባዶ አውራ ጣት «ተወኝ» የሚል ብርድ ይዞ ይመጣል፤ አውቃለሁ። የሃምሳ ዓመቱ አለቃሽ ግን እዚያ ጨዋታ ውስጥ አልነበረም። እሱ ዘንድ አውራ ጣት ማለት «ጎሽ» ነው። ሌሊቱን ከምታለቅሺ ጠዋት በሩን አንኳኪና ጠይቂው።

«ቀነኒሳን ፍየል አሉት! ፎቶው ሥር ፍየል ደርድረውበታል፤ ምን አጠፋ ይሄ ልጅ?» ብለው እማማ ቱግ አሉ።

እማማ፣ የተቆጡበትን አውቃለሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሲሰሙ ያደጉት በመጨረሻው ፍርድ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ እንደሚቆሙ ነው። በአማርኛም ፍየል ተብሎ የተመረቀ ሰው አላየሁም። ለአገሩ የሮጠ ልጅ በግራ ሲቆም እንዴት ዝም ይበሉ! ግን ፍየሏ የመጣችው ከሌላ በረት ነው። በእንግሊዝኛ «የምን ጊዜም ታላቅ» የሚለው አነጋገር የአራት ቃላቱ መነሻ ፊደሎች ሲገጣጠሙ የፍየል ስም ይሆናሉ። ራሱን «ታላቁ» እያለ ዓለምን ያሳመነው ቦክሰኛ መሐመድ አሊ ባለቤት ሎኒ አሊ በ1992 ባሏን የሚመለከት ድርጅት ስታቋቁም ያንን አራት ፊደል ስሙ አደረገችው። በ2000 ራፐሩ ኤል ኤል ኩል ጄይ ለአልበሙ ርዕስ አደረገው። ከዚያ በኋላ ስፖርት አፍቃሪው ወሰደው፤ ፊደሉን ትቶ እንስሳዋን መላክ ጀመረ።

ስለዚህ እማማ፣ ቀነኒሳ ሥር የተደረደሩት ፍየሎች በግራ የቆሙት አይደሉም። በመሮጫው ውስጠኛ መስመር ላይ ያሉ ናቸው። በ2004 ሄንግሎ ላይ አምስት ሺህ ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ፣ በ2005 ብራሰልስ ላይ አሥር ሺህን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ የሮጠ ሰው ነው። ሁለቱም ክብረ ወሰኖች እስከ 2020 ቆዩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ አንድ ሰው ሊደርስባቸው አልቻለም። እንዲህ ላለ ሰው አንድ መንጋ ቢላክለትም ያንሰዋል፤ እርስዎም አንዲት ይጨምሩለት።

አንተ ግን፣ የላክኸው ልጅ፣ ፍየሏን ይዘህ የትም አትግባ። ሰባት ዓመት ላስተማሩህ ጡረተኛ መምህርህ «መምህሬ» ብለህ ፍየል ብትልክ፣ እሳቸው ስልኩን አስቀምጠው ምን እንዳጠፉ ሲያስቡ ያድራሉ። አንተ ዘውድ የደፋህላቸው መስሎህ፣ እሳቸው ስድብ ደርሷቸው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይሄ ነው። «የምን ጊዜም መምህሬ» ብለህ በፊደል ጻፍላቸው፤ እያስታወሱ ይደሰቱበታል።

«ፍራፍሬውስ? ልጄ ስልክ ላይ ኮክና ደበርጃን አይቻለሁ፤ ነውር ነው አሉኝ።» አንዳንዴ ነው፤ አንዳንዴ ፍራፍሬ ነው። የፍቅር ተራ ውስጥ ለምን እንደሚላኩ እዚህ አልዘረዝርም፤ ቅርጻቸውን ያየ ይገምታል። ኢንስታግራም በ2015 በደበርጃኑ ሥዕል መፈለግን እስከ መከልከል ደርሷል። አፕል በ2016 ኮኩን ፍሬ እንዲመስል አድርጎ በአዲስ መልክ ሊስለው ሲሞክር ደግሞ ተጠቃሚው ጮኸበት፤ አሮጌውን ቅርጽ መለሰው። ግን በቴሌግራም ኮክ የምትሸጥ ሴት ዋጋዋን ስትለጥፍ የኮክ ሥዕል ካልተጠቀመች ምን ትጠቀም? ልጅዎ ለማን እንደላከው ሳያውቁ በሥዕሉ ብቻ ዱላ አያንሱ።

«የተጣመሩት እጆች ጸሎት አይደሉም፤ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ሲማቱ ነው» እያለ የሚከራከር ደግሞ በየግሩፑ አይጠፋም። ወንድሜ፣ ጃፓን ውስጥ ከተነሱበት «እባክህ»ም «አመሰግናለሁ»ም ናቸው። እኛ ዘንድ ሲመጡ «አሜን» ሆኑ። በ2017 ጎን ለጎን የተዘረጉት ሁለት መዳፎች ሲጨመሩ ሙስሊሙ ወንድምህ ለዱዓው የሚመቸውን አገኘ። ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ቤተሰብ ግሩፕ፣ ለአንድ በሽተኛ፣ የተጣመረውም የተዘረጋውም እጅ እየተከታተለ ሲገባ ታያለህ። እዚያ መካከል ገብተህ «ይሄ እጅ መማታት ነው» ስትል ምን ያተረፍክ መሰለህ?

እስካሁን በመካከላችሁ ቆሜ ለሁለታችሁም መለስኩ። አሁን ለአንዱ ብቻ የምመልሰው አለ።

«ሳቅ ብጫንስ? ሐሳቤን ነው የገለጽኩት!» ይላል፣ ሰዎች መሞታቸውን በሚናገር ዜና ሥር የሳቅ ምልክት የተጫነው።

ፌስቡክ በ2016 ከ«ወደድኩት» ሌላ አምስት ምላሾችን ሲጨምር ሳቁን የሰጠህ ለቀልድ ነበር። አንተ ግን ወስደህ የተፈናቀለ ሰው ፎቶ ሥር አስቀመጥከው። የተገደለ ልጇን ስም የጻፈች እናት ሥር አስቀመጥከው። ሟቹ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አጣርተህ፣ ያንተ ሳይሆን ሲቀር ሳቅክ። ሰዎች የሐዘናቸውን ጽሑፍ ከፍተው የሳቀውን ሲቆጥሩ፣ ከሳቁት መካከል የጎረቤታቸውን፣ አብሯቸው የተማረውን ሰው ስም ሲያገኙ አይቻለሁ። ይህንን በኢሞጂ ጨዋታ ስም የሚከላከልልህ ሰው አታገኝም፤ እኔን በተለይ አታገኝም። ተረበኛ የሚተርበው ሰው ፊት ቆሞ ነው፤ መልስ ሲመጣበትም ይቀበላል። ለቅሶ ቤት ገብተህ በአካል ልትስቅ ትችላለህ? ካልቻልክ ጣትህ ድፍረቱን ከየት አገኘው?

ባንግላዴሽ ውስጥ አህመዱላህ የሚባሉ የእስልምና መምህር በጁን 2021 በዚሁ ጉዳይ ላይ ተናግረው ነበር። ሳቁን የተጫንከው ለጨዋታ ከሆነና ጽሑፉን የለጠፈውም ሰው ለጨዋታ አስቦት ከሆነ ችግር የለበትም፤ በሰው ለማላገጥ ከሆነ ግን ክልክል ነው አሉ። ነገሩን ከልብ ስላሰቡበት ነው እንዲህ የለዩት። ሥዕሉን አልከለከሉም። የጠየቁት በላኪውና በተቀባዩ መካከል ስምምነት መኖሩን ነው።

«በጥቅሉ ግን ኢሞጂ አማርኛን ገደለው!» አሉ ወዲያ ማዶ ያሉት።

አልገደለውም፤ እንዲያውም በአንድ ዓመት ነው በር የተከፈተላቸው። በ1999 የጃፓኑ የስልክ ድርጅት ኤንቲቲ ዶኮሞ ባልደረባ ሺጌታካ ኩሪታ እያንዳንዳቸው 12 በ12 ነጥብ የሆኑ 176 ትንንሽ ሥዕሎች አቀረበ፤ ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል። በዚያው ዓመት ደግሞ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የኛ ፊደል፣ ከሀ እስከ ፐ፣ ከነቁጥሩና ከነነጠላ ሰረዙ፣ ቦታውን አገኘ። ዛሬ «ሰላም» የሚለው ቃልና አጠገቡ ያለው ቢጫ ፈገግታ ከአንድ ስልክ ወጥተው ሌላው ስልክ ላይ ሳይበላሹ የሚደርሱት አንድ ሥርዓት ስላስተናገዳቸው ነው።

አማርኛን የጎዳው ምን እንደሆነ ልንገርህ? የፊደሉ ቁልፍ ሰሌዳ በስልክህ ላይ እያለ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍህ ነው። «ጠ» እና «ተ» የማይለዩበት፣ «ፀሐይ» እንደ «ሰሃይ» የሚነበብበት ጽሑፍ ትልካለህ፤ ልጅህም ያንን እያየ ያድጋል። ቨርጂኒያ ወይም ቴል አቪቭ የተወለደ ልጅ ከአያቱ ጋር በራስ ቅልና በልብ ሲሳሳቅ ቋንቋው አይሞትበትም። አያቱ በፊደል የጻፈለትን ማንበብ ሲያቅተው ነው የሚሞትበት። ፊደሉን አስተምረው፣ ከዚያ በራስ ቅሉ እንደፈለገ ይሳቅ።

«የኛ ነገር ግን አንድም የለበትም። እንጀራ የለ፣ ጀበና የለ!»

ይሄኛው ክስ እውነት ነው። ቡና የተገኘባት አገር ሰው «ቡና ጠጡ» ብሎ ለመጥራት የሚልከው ጆሮ ያለው የፈረንጅ ስኒ ነው። በ2020 ቂጣ ገብቷል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያም ገብቷል፤ እንጀራና ጀበና የሉም። ግን ማን ጠየቀና ተከለከለ? ራዩፍ አልሁሜዲ የምትባል ሳዑዲያዊት ልጅ ጀርመን ውስጥ ስትኖር፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ከጓደኞቿ ጋር በግሩፕ ስትጻጻፍ እሷን የሚመስል ሂጃብ የለበሰች ሴት አጣች። ቅር ብሏት አልተቀመጠችም፤ ለዩኒኮድ ጻፈች። በ2016 ማመልከቻዋ ቀረበ፣ በ2017 ሂጃብ የለበሰችው ሴት በዓለም ስልክ ሁሉ ላይ ታየች። በሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥዕሉን፣ ብዙ ሰው እንደሚጠቀምበት የሚያሳይ ማስረጃና ካሉት ሥዕሎች የሚለይበትን ምክንያት ነው። ጀበና ደግሞ አንገቱም፣ ጡቱም፣ ሆዱም ከማንኛውም ማንቆርቆሪያ ጋር አይምታታም።

«ታዲያ ማን ያመልክት?» ትለኛለህ እንዴ፣ ስልኩን ይዘህ? ጀበናውን አንተ ሳል፤ ማመልከቻውን አብሬህ እጽፋለሁ።